ስሙን ለወንዙ ሰው የሰጠ

ከድንበር ማዶ፣ ማርች 4 ቀን 2001

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ሮሳልባ፣

ይህች ወረቀት ጉልበትዎ ጸንቶ፣ መጥበሻዎ ሞቆ፣ ደንበኛዎ በዝቶ ታግኝዎት። የካርሜን እመቤታችን ከደጅዎ አትራቅ። እኔ ከቁርጥማትና ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ አለሁ።

ረሳኝ ብለው እንዳይቀየሙኝ። እናቴ ስትሞት ዘመድ ሁሉ በሩን ሲዘጋ፣ የአጎቷ ልጅ እርስዎ ብቻ «ና ልጄ» ብለው ከልጅዎ ከአልቤይሮ ጋር በአንድ ሳህን አበሉኝ። ይህን ከረሳሁ ሰው አይደለሁም።

አልቤይሮ ደህና ነው። ሩቅ ግንባር ላይ ነው ያለው፤ እንደ እሱ ሬዲዮ የሚያውቅ ስለሌለ ነው ፈቃድ የከለከሉት። ባለፈው ሳገኘው «እማዬን ሳምልኝ፤ የባግሬ ዓሣ ጥብሷ በዓይኔ ላይ ዞረ በላት» ብሎኛል።

አሁን የእኔን ጣጣ ልንገርዎት። እኔና አልቤይሮ ከአማፂዎቹ ጋር ጫካ ስንገባ ለድሃ ገበሬ ብለን ነበር። ከዚያ ኮካ ከሚያበቅለው ገበሬ ቀረጥ መቀበል መጣ። ከዚያ «ለምን ነጋዴ ይበላዋል?» ተባለና የኮካውን ሊጥ ራሳችን እየገዛን በራሳችን የጫካ ኩሽና ነጭ ዱቄት ማድረግ ጀመርን። ከዚያ ጫካ ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ ጠረግን። የበላዮቹ «ብራውሊዮ ያውቅበታል» ብለው ሁሉንም እኔ ላይ ጣሉት። ብራውሊዮ የጫካ ስሜ መሆኑን ያውቃሉ። እንግዲህ ግሪንጎዎቹ፣ አሜሪካኖቹ፣ «ሊሳንድሮ ቫርጋስ፣ ብራውሊዮ የሚባለው» ብለው ፎቶዬን በየአየር ማረፊያው ለጥፈዋል። ከያዙኝ በሰንሰለት ወስደው የፀሐይ ብርሃን በማላይበት ይቀብሩኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እናንተ ከተማ የማግዳሌና ወንዝ የሚያመጣውን ስም-አልባ ሬሳ ሰው እየመረጠ ይቀብር የለ? አንዱን ይምረጡልኝ። ፊቱ የማይለይ ይሁን። መቃብሩ ላይ ሁለቱንም ስሞቼን ይጻፉበት። ያልቅሱ፤ የዘጠኝ ቀን ጸሎቱን ያድርጉ፤ ዓሣ ለሚገዛዎት ሁሉ «ያሳደግኩትን ልጅ ወንዙ መለሰልኝ» ይበሉ። ወሬው በራሱ እግር ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል። የሞተን ሰው ማንም አይፈልግም። መዝገቤ በተዘጋ ማግስት አልቤይሮን ወደ እርስዎ እልከዋለሁ። ቃሌ ነው።

ደብዳቤ የምታመላልሰው ሽቶ አዟሪዋ ኔልሲ ናት፤ ለሌላ ሰው አይስጡ። የላኩትን ገንዘብም በእመቤታችን፣ አይመልሱብኝ።

ልጅዎ ሊሳንድሮ

—

ፑዌርቶ ቤላ፣ አፕሪል 16 ቀን 2001

ይድረስ ለልጄ ለሊሳንድሮ፣

እግዜር ጠላትህን ያሳውርልህ፤ አንተንም ልብ ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ። ጭሱ ዓይኔን ቢያጠፋውም ዓሣ ከዓሣ ለመለየት አላነሰኝም።

አበስኩ ገበርኩ! ሕያው ሰው «ቅበሪኝ» ብሎ ሲጽፍ ለማየት በቃሁ። አንተ ልጅ፣ የትኛው አገር ነው ያደግኸው? እዚህ ሙት መምረጥ የልጅ ጨዋታ መሰለህ? ስም የሌለው ሙት ስም ከሰጡት ይይዘዋል። ሰኞ የነፍሳት ቀን ነው፤ ሄደህ መቃብሩን ታንኳኳለህ፣ ተጠምቶ ነው የሞተውና ውሃ ታስቀምጥለታለህ፣ የጎደለህን ትነግረዋለህ። እሱም ይሠራል። ስሙ ደሞዙ ነው። የሕያው ሰው ስም ለሙት የሰጠ እብድ እስከ ዛሬ በዚህ ከተማ አልታየም፤ አሁን እኔ ልሆን ነው ማለት ነው።

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ «አልቤይሮን እልከዋለሁ» ያልከውን መልሼ አነበብኩና ተነሣሁ።

ዓሣ አጥማጆቹ በሕማማት ሳምንት አንዱን ከቅጠል ጋር ተጠላልፎ አገኙት። ፊት የለውም። መቃብር ቆፋሪውን ዶን ኤላዲዮን ታውቀዋለህ፣ አፉ እንደ አካፋው ነው።

«ደግሞ ይሄን የት ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«ሊሳንድሮ ነው። ያሳደግኩት።»

«ፊት የለው፣ በምን ለየሽው?»

«በእግሩ።»

«ሮሳልባ፣ እግሩ እኮ አንድ ነው።»

«ላሳደገ ሰው አንዱም ይበቃል» አልኩት። ሳቁን ዋጠና መንገድ ለቀቀልኝ። ሌላ ሴት እንዳትሻማኝ በመቃብሩ ግንብ ላይ ሬሳው በገባበት ቀዳዳ አፍ በቀይ ቀለም «ተመርጧል» ብዬ ጻፍኩ። ሲታሸግ ደግሞ ሁለቱንም ስሞችህን ጻፍኩበት።

ለቅሶው አላስቸገረኝም። ለማን እንዳለቀስኩ እኔ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኛል። ሟቹ ወገቡ ላይ የእጅ ሥራ የሆነ ቀበቶ ነበረው። ያንን የሸመነችለት ሴት አንድ ቦታ ቁጭ ብላ በር በሩን ታያለች። የእኔን ልጅ ላገኝ ብዬ የእሷን ልጅ ደብዛ አጠፋሁ። ቀበቶውን ሳጥኔ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ብትመጣ ምን እንደምላት ግን አላውቅም።

ከገንዘብህ ቀለምና ብሩሽ ገዛሁበት። የቀረውን ኔልሲ ይዛልህ ትመጣለች፤ ከዚያ ቅጠል የመጣ ገንዘብ እኔ ቤት አያድርም።

ስለ አልቤይሮ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። አንብቤ ዝም ብያለሁ። እኔ ቃሌን ፈጽሜአለሁ፤ አንተም ቃልህን ጠብቅ።

ሮሳልባ

—

ከድንበር ማዶ፣ ጁን 2 ቀን 2001

ይድረስ ለእትዬ ሮሳልባ፣

ሙት ሰላምታ ማቅረብ ከተፈቀደለት የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንኳን ለቀብሬ አበቃዎት!

ሥራዎ ፍሬ አፍርቷል። የበላዮቹ ራሳቸው አምነዋል፤ ለእነሱ አልነገርኳቸውም፤ የሚያውቁት ምክትሌ ቀዩና ጥቂት ጠባቂዎቼ ብቻ ናቸው። ለምን ለአለቆቼ እንዳልነገርኩ አይጠይቁኝ፤ ሰው ሲሞት አለቃም ዕዳም ይቀንሳል። ባለፈው እሑድ በአማፂው ሬዲዮ የሕይወት ታሪኬን አነበቡ። እንዴት ያለ ጀግና ነበርኩ መሰለዎት! ያልተዋጋሁበትን ጦርነት ሁሉ ተዋግቻለሁ። ጦሬንም «የብራውሊዮ ግንባር» ብለው ሰየሙት።

አንድ ያሳቀኝን ልንገርዎት። ሬዲዮው ሲናገር ጠባቂዎቼ አብረውኝ ተቀምጠው ነበር። «ለሰማዕቱ እንነሣ» ሲባል ብድግ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አንደኛው እንባው ወረደ። «ኧረ እናንተ ጅሎች፣ እዚህ አይደለሁም እንዴ!» አልኳቸው። ሳቁ። ኮፍያቸውን ግን ወዲያው አላደረጉም።

አልቤይሮን በተመለከተ መንገዱ በወታደር ተዘግቷልና ትንሽ ይታገሱኝ። የጀመሩትን ጸሎት አያቋርጡ፤ ሰው እንዳይጠረጥር።

ሟቹ ልጅዎ ሊሳንድሮ

—

ፑዌርቶ ቤላ፣ ኦገስት 21 ቀን 2001

ይድረስ ለሊሳንድሮ፣

የመንጽሔ ነፍሳት ይማልዱልህ። እኔ አለሁ፤ ስለ እኔ አታስብ።

ሙት ነኝ እያልክ አትቀልድ። ያንተ ሙት ሥራ ጀምሯል። መጀመሪያ የጎሚስታው ሚስት መጣች፤ የተሰረቀ ሞተር ብስክሌታቸውን በሳምንቱ አገኘችው። ከዚያ ድምፅዋ የጠፋባት የትምህርት ቤቷ ዘበኛ ልጅ አንኳኩታ ስትመለስ «እማዬ ራበኝ» አለች። ይኸው አሁን ሰኞ ሰኞ ሰልፍ ነው። አበባው መቃብርህን ሸፍኖታል። «ሊሳንድሮ ሆይ፣ ስላደረግህልኝ» የሚል የእብነ በረድ ጽሑፍ ያስለጠፉለትም አሉ። በቁምህ ለአንድ ሰው ውሃ ያላቀበልክ፣ ሞተህ ከተማ ታስተዳድራለህ እኮ!

የማስቀምጥለት ውሃ በማግስቱ ባዶ ነው። ዶን ኤላዲዮ «ሙቀቱ ነው» ይላል። እኔ የጎረቤቱ ሙት ብርጭቆ ሙሉውን እንዳለ አይቻለሁ፤ ሙቀቱ ለእሱ አይሞቅም?

አንድ መቶ አለቃ መጥቶ መቃብሩን ፎቶ አነሣ። «እማማ፣ ይኸ ሰውዬ በሰላም ይረፍ፤ መዝገቡ ተዘግቷል» አለኝ። በሰላም ይረፍ አለኝ እንጂ ማን እንደሚያርፍ አላወቀም።

እንግዲህ መዝገብህ ተዘጋ። ልጄስ? መንገድ ተዘጋ ብለህ የጻፍክልኝን ለኔልሲ ባሳያት «የምን መዝጋት፣ ሽቶዬን አዝዬ መጣሁ አይደል?» አለችኝ። እኔም ሌላ የምጠይቀው ባጣ ባለፈው ሰኞ የወንዙን ሰው አንኳኩቼ «ሊሳንድሮ፣ አልቤይሮ የት ነው?» አልኩት። እሱ ይሠራል ይላሉ።

ሮሳልባ

—

ከድንበር ማዶ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 2001

ይድረስ ለእትዬ ሮሳልባ፣

እንደምን ከረሙ? ዘግይቼ መጻፌ ከንቀት አይደለም። ብዕር ይዤ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

እዚህ የሚደረገው አላማረኝም። አንድ ማለዳ ከሰፈር ወጥቼ ስመለስ ዘቡ ሳያስቆመኝ አለፍኩ። ዞሬ «የይለፍ ቃል ለምን አልጠየቅከኝም?» ስለው ደንግጦ ብድግ አለና «ማንም አላለፈም እኮ፣ ኮማንዳንቴ» አለኝ። ቀጣሁት። በማግስቱ ሌላው ዘብ እንደዚያው አደረገ። ወጥ ቤቷ ምሳ ስታድል የእኔን ሳህን ትረሳለች። ስቆጣት ታለቅሳለች፤ ይቅርታ ትለኛለች፤ ነገም ትረሳለች። ውሾቹ ሌላው ቀርቶ ቅጠል ሲወድቅ ይጮሃሉ፤ ለእኔ ቀና አይሉም።

ሸቀጡን የሚገዙት ሰዎች ሲመጡ የሚጨባበጡት ከቀዩ ጋር ነው። አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ «ብራውሊዮ ነፍሱን ይማረው፣ ከእሱ ጋር መሥራት ጥሩ ነበር» አለኝ፤ ለእኔ! ቀዩ መሬት መሬት ያያል። እየሳቀ ይሁን እየፈራ አልገባኝም።

ይኸን ሁሉ የሰው ተንኮል ነው ብዬ ልለፈው። መኝታዬስ? ከዚህ ወንዝ ሩቅ ነው፤ ዝናብም የለም። ጠዋት ስነሣ የተኛሁበት የመረብ አልጋ ውሃ ያንጠባጥባል፤ የሚሸተውም የዝናብ ውሃ ሳይሆን የማግዳሌና ጭቃ ነው። ያንን ሽታ እኔ ልስተው? በእሱ ነው ያደግኩት።

ደግሞ ሰኞ። እትዬ ሮሳልባ፣ ሰኞ ሰኞ ጭንቅላቴ ውስጥ ይንኳኳል። ሦስት ጊዜ፤ በጣት አጥንት። ከዚያ ሴት ታወራለች፤ ስለ ሞተር ብስክሌት፣ ስለ ልጅ ትኩሳት፣ የማላውቃቸው ሰዎች የማላውቀውን ጭንቀት ይነግሩኛል። ከሁሉ በኋላ የእርስዎ ድምፅ ይመጣል። የሚጠይቁኝን አልጽፈውም፤ ያውቁታል።

ስሙን ያጥፉልኝ። ሁለቱንም ካልሆነ ሊሳንድሮ የሚለውን ብቻ ይፋቁልኝ፤ ብራውሊዮን ይውሰደው፣ ይብላው። የፈለጉትን ገንዘብ እልካለሁ።

አልቤይሮ ደህና ነው።

ሊሳንድሮ

—

ፑዌርቶ ቤላ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2001

ይድረስ ለሊሳንድሮ፣

የልደቱ ጌታ ይማርህ። እኔ በጤናዬ ነኝ።

ለካ ትሰማለህ! ደብዳቤህን ሳነብ ዓሣዬ አረረ። ስንት ወር ሙሉ ለግንብ የማወራ መስሎኝ።

እንግዲህ ስማኝ። አልቤይሮ የባግሬ ጥብስ ናፈቀኝ አለ ብለህ ነበር። ልጄ ዓሣ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «እማዬ፣ እሱ ሰው የበላ ነው» ብሎ በዓሣ ነጋዴ ቤት ሙዝና ሩዝ እየበላ ነው ያደገው። አንተም አብረኸው እየበላህ ትስቅበት ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ያላለውን አለ አይባልለትም፤ ቢኖር ኖሮ የራሱን ቃል ታመጣልኝ ነበር። ያቺን መስመር ሳነብ ልጄ እንደሌለ አወቅኩ። ግን እናት ነኝና «ምናልባት» የምትለውን ቃል ይዤ ስምህን ጻፍኩልህ።

ስሙን ላጠፋ ሄጄ ነበር፤ አልዋሽህም። ያሳደግኩህ ነህ፤ ሳህንህን ረሱ ያልከው አንጀቴን በላው። ተርፔንታይንና ጨርቅ ይዤ ስደርስ የጎሚስታው ሚስት ከነልጆቿ መንገድ ላይ ቆመች። «ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «የሊሳንድሮን ስም? በሬሳዬ ላይ!» አለች። ዶን ኤላዲዮም መጣና «ሮሳልባ፣ የሰጠሽውን ባለቤቱን ሳታስፈቅጂ አትወስጂም» አለኝ። እውነቱን ነው።

አንኳኳሁ። «ስሙን መልስልኝ፣ ባለቤቱ ፈልጎታል» አልኩት። ጆሮዬን ግንቡ ላይ ለጠፍኩ። ከወዲያ በኩልም ጆሮውን የለጠፈ ሰው ነበር። ትንፋሹን ሰማሁት። ስሙን ግን አልመለሰልኝም። ጨርቄን ይዤ ተመለስኩ።

አሁን ነገሩ በእጅህ ነው። ልጄን የት እንዳደረግኸው ንገረኝ። ያኔ ከሙቱም ከከተማውም ተጣልቼ ስሙን አወርድልሃለሁ። እስከዚያ ግን ሰኞ በጣቴ አላንኳኳም፤ በዓሣ መምቻዬ እንጨት ነው።

ሮሳልባ

—

ከወንዙ ራስ፣ ከተራራው፣ ሜይ 9 ቀን 2002

እትዬ ሮሳልባ፣

በሲጋራ ካርቶን ላይ ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ሌላ ወረቀት ከልክለውኛል። ሰላምታዬን በልብዎ ይሙሉት።

ድንበሩን ተሻግሬ ወደ አገር ገባሁ። ቀዩ ኩሽናዎቹንም፣ ማረፊያዎቹንም፣ ሰዎቼንም ወሰደ። ወደ ድሮ አለቆቼ ሄጄ «አልሞትኩም፣ አለሁ» ልላቸው ቆረጥኩ። አሰሩኝ። አሥር ዓመት አብሮኝ የበላ ሰው አፍጥጦ አየኝና «ብራውሊዮማ ሰማዕታችን ነው፤ አንተ ማነህ?» አለኝ። አንዳንዱ የምር የሚዋሽ ነው፤ የሞተ ጀግና ይበልጥባቸዋል። ሌሎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ፊቴን ያዩና ዓይናቸውን ያሻሻሉ፣ ጭስ እንደገባበት ሰው። ኔልሲ እንኳ ስትገባ ሁለት ጊዜ አልፋኝ ሄደች።

በስሙ የሚያጭበረብር ሰላይ ነህ ብለው ሊፈርዱብኝ ነው። ከአለቆቹ ሽማግሌው ብቻ «የቀበረችው ሴት ትጻፍ። ተሳስቼ ነው፣ ይኸ ሰው ሊሳንድሮ ነው ካለች እናምናለን» ብሏል። ካልጻፉልኝ ከጥይት በኋላ ለወንዙ ነኝ።

የጠየቁኝን እነግርዎታለሁ። ድሮ ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ ፈራሁ።

አልቤይሮ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አንድ ጭነት ነበር። ለአለቆቹ አውሮፕላኑ ወደቀ ብዬ ከቀዩ ጋር ለራሳችን ሸጥነው። አልቤይሮ በሬዲዮው አውሮፕላኑ በሰላም ማረፉን ሰምቷል። መርማሪ ሲመጣ «አትናገር» አልኩት፤ «አልዋሽም፣ ሊሳንድሮ፤ አንተም አትዋሽ» አለኝ። እንደ እርስዎ ነበር። ቀድሜ ሰላይ ነው አልኩ። ጉባኤ ተቀምጦ እጅ በማውጣት ሞት ተፈረደበት። ካላወጣሁ ይጠረጥሩኛል ብዬ አወጣሁ። የመጀመሪያው እጅ የእኔ ነበር። አልጮኸም፤ እጄን እያየ «እማዬ እንዳትሰማ» ብቻ አለ።

ላ ቶልዳ በሚባለው አሮጌ ማረፊያ፣ አውሮፕላኖቹ በሚዞሩበት ጫፍ፣ ከበርሜሎቹ ሥር ነው። ለእርስዎ ስል ለወንዙ አልሰጠሁትም፤ ዓሣ እንዳይበላው ብዬ አፈር አለበስኩት። ይኸን ያህልስ አደረግኩ።

ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃል። እርስዎ ካላወቁኝ የሚያውቀኝ የለም።

ሊሳንድሮ ነኝ

—

ፑዌርቶ ቤላ፣ ጁን 4 ቀን 2002

ስምህን ለማላውቅህ ሰው፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ እግዜር በመጨረሻው ሰዓት አይለይህ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ዶን ኤላዲዮ አካፋውን፣ እኔ አዲስ አንሶላ ይዘን፣ ኔልሲ መንገድ እየመራችን ተነሣን። ላ ቶልዳን አገኘነው። በርሜሎቹን አነሣን። ልጄን በፊት ጥርሱ ለየሁት፤ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ የተሸረፈችውን አንተም ታውቃታለህ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። አጥንቱን እንደ ሕፃን አቅፌ በጀልባ ይዤው መጣሁ። ከተማው ሁሉ ወደብ ላይ ወጥቶ ጠበቀን። ሳላፍር እንደ እብድ ጮኽኩ፤ ሦስት ዓመት ውስጤ የነበረው ወጣልኝ።

«ለወንዙ አልሰጠሁትም» ያልከኝን መልሼ ደግሜ አነበብኩት። አንተ ሰው፣ ለወንዙ ሰጥተኸው ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ እጄ ይገባ ነበር! እዚህ ቆመን የምናወጣው ለማን መሰለህ? ዓሣ ይበላዋል ብለህ የፈራኸው ወንዝ ከሰው ይልቅ ይራራል፤ የበላውንም ቢሆን ያመጣል። አንተ ግን ሸሸግኸው።

የለመንከኝን ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። ጨካኝ አይደለሁም። በአንድ ሳህን ያበላሁት ልጅ ከዓይኔ ጠፍቶ አያውቅም፤ ትኩሳት ሲይዘው ያደርኩበት፣ ጫማ ሲጠበው የቀደድኩለት ልጅ። ብዕሩን አንሥቼ መልሼ ሳስቀምጥ ኔልሲ «እትዬ፣ ምን ልበላቸው?» ትለኛለች። ደጄ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው።

ከዚያ ትናንት ሰኞ ወደ ወንዙ ሰው ሄድኩ። ላመሰግነው ነበር። እኔ የለመንኩት ልጄን እንዲያመጣልኝ ነው፤ አንተም እልከዋለሁ ብለህ ቃል የገባኸው ይኸንኑ ነበር። እሱ አመጣልኝ። እንዴት አድርጎ ከአንተ አንደበት እንዳወጣው ታውቃለህ፤ የተኛህበትን ያረጠበው፣ ሰኞ ሰኞ ያላስተኛህ እሱ ነው። አንዱ ሊሳንድሮ ቃል ገባ፣ ሌላው ፈጸመ። ስም ለሠራበት ነው፤ የእኛ ሕግ ይኸው ነው፤ ሰው አጭበርብሮ አይቀይረውም። ስለዚህ ቀለሙን አስወግጄ በእብነ በረድ አስቀርጬለታለሁ፤ ከልጄ ጎን እንዲሆንም አልቤይሮን አጠገቡ ባለው ቀዳዳ አስገብቼዋለሁ። ወንድም ይሆነዋል።

ይህን ወረቀት ሳልዘጋው ነው የምልከው። የያዙህ ሰዎች ያንብቡት። ሽማግሌውም ያንብብ። እኔ ሮሳልባ፣ የአልቤይሮ እናት፣ በገዛ እጄ እጽፋለሁ፤ ሊሳንድሮ ቫርጋስን ቀብሬዋለሁ፣ እዚሁ እኔ ጋ ነው፣ ሌላ አላውቅም።

ሞት እንዲቀልልህ እጸልያለሁ። ወንዙ ወደዚህ ካመጣህም አትፍራ፤ በዚህ ከተማ ለማንም ስም ተነፍጎ አያውቅም። ዳር ላይ የሚጠብቁ ብዙ ሴቶች አሉ፤ አንዷ ትመርጥሃለች፣ ጥሩ ስም ታወጣልሃለች፣ ውሃም ታስቀምጥልሃለች። እኔ ግን አልሆንም።

ሮሳልባ፣ የአልቤይሮ እናት